ቀዩን የለየችው ታንጉት

ታንጉት ቦንጋ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። አሮጌው የኮምፒውተር ስክሪኗ የበሰለውን ቀይ የማንኪራ ቡና ብርቱካናማ እያስመሰለ ስላስቸገራት፣ አዲስ ልትገዛ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ጋሽ ሣህሌ ሱቅ ሄደች። እሳቸውም ትልቁንና ደማቁን አሳዩዋት።

«ድምቀት ብቻውን ምን ያደርግልኛል ጋሼ? ቀዩን ቀይ አድርጎ ማሳየት አለበት» አለችና ያነሳችውን የቡና ፎቶ በትልቁና አጠገቡ ባለው ትንሽ ስክሪን ከፈተች። ከቦርሳዋም የተለቀመ ቀይ ቡና አውጥታ ከስክሪኖቹ አጠገብ ያዘች። በትልቁ ላይ ቀለሙ ገረጣ፤ በትንሹ ላይ ግን ቁርጥ በእጇ ያለውን መሰለ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስሸጥ ልብ ብዬ አላውቅም!» አሉ።

ስክሪን ሁሉ እኩል ቀለም ማሳየት እንደማይችል፣ የሚያሳየው የቀለም ስፋት እንደሚለያይ አስረዳቻቸው። ዛሬ ስክሪን ፈላጊ ሲመጣ «ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ባለሙያዋን ልጥራ» ይላሉ። ታንጉትም ኮራ ብላ ትሄዳለች።