ለመምህሮቼ ያልተረጎምኩት

ከአፉላ

ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ ገና አላባራም። ከሰፈራችን ከጊቫት ሃሞሬ ወደ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ መስታወቱ በትንፋሽ ደብዝዞ ውጪው አይታይም። አጠገቤ የተቀመጠችው የእናቴ ታናሽ እህት ወርቄ ናት። ለበዓል የምትለብሰውን ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ ለመንገድ የያዘችውን ዳቦ ቆሎ ጭኗ ላይ አድርጋለች። የምንሄደው ኢየሩሳሌም፣ እኔ ታሪክ ወደምማርበት ኮሌጅ ነው።

የምማረው «መጹያኒም» በሚሉት የጎበዝ ተማሪዎች ክፍል ነው። የታሪክ መምህርት፣ ሐኪምና የሕግ ሰው አንድ ጉዳይ ይዘው አብረው ያስተምሩናል። የዘንድሮው ጉዳይ ስደትና በሽታ ነው። እያንዳንዳችን ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው አምጥተን እንድናሰማ፣ የዓመቱንም ጽሑፍ በዚያ ላይ እንድንሠራ ታዘዝን። በክፍሉ የኢትዮጵያ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ቦታዬም የሚጸናው ይህ ጽሑፍ ካማረ ነው። መጀመሪያ የለመንኩት እናቴን ነበር። «እኔ የማወራው የለኝም» አለችና ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች። አክስቴ ግን ወዲያው እሺ አለች።

ታሃናው፣ ማለትም ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በሚያንቀላፉ ወታደሮች ሞልቷል። የተቆላ ሱፍ ገዛሁ፤ የአፉላ ሱፍ በየአገሩ ስሙ የታወቀ ነው። አክስቴ አንድም አልቀመሰችም።

«ዕብራይስጡ ቢጠፋኝስ?»

«አንቺ በአማርኛ ተናገሪ፤ የቀረውን ለኔ ተይው» አልኳት።

በሸለቆው መንገድ

ቤት ሸአን የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ዝናቡ ቆመ። መንገዱ ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ ወረደ። በግራ በኩል ተምር በረድፍ ተተክሏል፤ በቀኝ ያለው ተራራ አንድ ዛፍ የለበትም። ሰማዩ አመድ መስሏል።

«ይኼ ቆላ የኛን አገር ቆላ ይመስላል» አለች አክስቴ። የፍተሻ ኬላ ላይ አንዲት ወታደር ገብታ ፊታችንን አየት አየት አድርጋ ወረደች። ከዚያ ኢየሩሳሌም ገባን።

ክፍል ውስጥ

ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መምህርቷ ለአክስቴ ሻይ ሰጥተው በትሕትና አናገሯት። እሷም ቀስ ብላ ጀመረች፤ ከጎንደር ገጠር ተነሥተው አዲስ አበባ መግባታቸውን፣ በአንዲት የጭቃ ክፍል ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጣበው ወደ እስራኤል የሚሄዱበትን ቀን ሲጠብቁ መክረማቸውን። አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር እኔ እየተከተልኩ እተረጉማለሁ። ሐኪሙ ስለ በሽታ ጠየቁ።

«ኩፍኝ ገባ» አለች አክስቴ። «ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። የእህቴንም ልጅ ወሰዳት። የዚችን ታላቅ።» በእጇ ወደ እኔ ጠቆመች።

መተርጎሜን ተውኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለችኝ።

«አክስቴ፣ እኔ እህት ነበረችኝ?»

ፊቷ ልውጥ አለ። «አልነገረችሽም? ወይኔ! ምን ጉድ ሠራሁ!»

ከሁለታችን በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። መምህርቷ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም እኔን ያያል።

«ብዙ ልጆች በኩፍኝ ሞቱ ነው የምትለው» አልኩ በዕብራይስጥ። ተማሪዎቹ አጎንብሰው ኮምፒውተራቸው ላይ ጻፉት።

ሲያልቅ መምህርቷ ክንዴን ያዝ አድርገው «ግሩም ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ስለ ልጆቹ በደንብ ጠይቂያት» አሉኝ።

መልስ

ሳልጠይቃት አክስቴ በመንገድ ላይ ነገረችኝ። ልጅቱ ገና መሮጥ መጀመሯ ነበር። ከከተማው ዳር ቀበሯት። እናቴ ቀን ቀን እየሄደች የመቃብሩን አፈር በእጇ ታስተካክል ነበር። አውሮፕላን መጥቷል፣ ኑ ውጡ የተባለ ዕለት ሰው እየተገፋፋ ሲወጣ፣ «ሄጄ ልሰናበታት» ብላ ለመነች። አባቴ ግን እጇን ይዞ ጎተታት።

«ቢለቃት ትቀር ነበር» አለች አክስቴ። «ሁለቱም ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ ተነጋግረው አያውቁም።»

ከቤታችን ደረጃ ሥር ስትደርስ አብራኝ መውጣት ፈራች። እናቴ ምስር እያበሰለች ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ የሰማሁትን ነገርኳት። ምድጃውን አጠፋች።

«ሰው ፊት ነው የተነገረው?»

«እኔ አልተረጎምኩትም።»

ጀርባዋን ሰጠችኝ። «ትምህርቱ ያንቺ ነው» አለች። «ልጅቱ ግን የኔ ናት።»

በማግሥቱ ሌላ ርዕስ እንዲሰጡኝ ለመምህርቷ ጻፍኩ። ምክንያቱን ቢጠይቁኝም አልነገርኳቸውም። በጥድፊያ የሠራሁት ጽሑፍ ደካማ ሆነና ከመጹያኒም ወጣሁ፤ አሁን ከሌላው ተማሪ ጋር ታሪክ ብቻ እማራለሁ። ቆጭቶኛል፤ አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። ግን መጽሐፍ ውስጥ «ብዙ ሰው በበሽታ አለቀ» የሚል መስመር ሲገጥመኝ እንደ ድሮው ማለፍ አልችልም። ያቺን ቃል ለጸሐፊው ያቀበለው ሰው ምን አስቀርቶ ይሆን እላለሁ።

ይህን ማስታወሻ ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማች፤ ለሰው እንዳሳየውም ፈቀደችልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስወጣችኝ፣ የእህቴን ስም።

«እሱን ለኔ ተይልኝ» አለች። «ከሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»