የተዘቀዘቀው ነጠላ

እኛ ሰፈር ጥቁር የለበሰ ሰው ካዩ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላሉ። የሙዚቃ ባንዳችንን የመሠረትን ሰሞን አራታችንም ከራስ እስከ እግር ጥቁር ስለምንለብስ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል እስክንወርድ የማያጽናናን ሰው አልነበረም። ድራመራችን መጀመሪያ ላይ ማንም እንዳልሞተብን እየቆመ ያስረዳ ነበር። በኋላ ሰለቸውና «አሜን» ብሎ ማለፍ ጀመረ።

እኔ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ሙዚቃችን ግማሹ ፓንክ፣ ግማሹ ሜታል ነው፤ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ግጥሙ ሁሉ ስለ ሞትና ስለ መቃብር ነው። ጎቲክ የሚለውን ቃል ያገኘነው ከኢንተርኔት ቢሆንም ነገሩን ግን ድሮውንም ከለቅሶ ቤት እናውቀዋለን። ስለ ልብስ ስንማከር ጊታር መቺው እንደ ውጭዎቹ ፊታችንን ነጭ እንቀባ አለ። የሸማኔ ልጅ የሆነው ዘፋኛችን ግን ነጠላ አዘቅዝቀን እንልበስ አለና እሱ ረታ።

ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ አንገት ይዞራል፤ ያየ ሰው ሁሉ ሐዘን ላይ እንዳለህ ያውቃል። ሰው ሳይሞት እንዲህ መልበስ ሟርት ነው፣ ሞትን ስሙን ጠርቶ ና እንደማለት ነው። እናቴ ስትሰማ «ማንን ልትቀብሪ ነው?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። የዘፋኙ እናት ብቻ ነበሩ ነጠላ ከሳጥናቸው አውጥተው የሰጡን። ልጃቸው ነጠላውን አጣሞ ሲደርበው «እንዲህ አይደለም፣ ና ወዲህ» ብለው በገዛ እጃቸው አዘቀዘቁለት፤ ራቅ ብለውም አዩትና ሳቁ። አባትየው ሽመናቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተጫወትን። ግማሹ ታዳሚ ወጥቶ ሄደ፣ የቀረው ግን እስከ መጨረሻው ዘለለ። ብዙም ሳይቆይ የዘፋኙ እናት አረፉ። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን በጨረሰ ሳምንት ነው፤ ታመዋል እንኳ ሳይባል። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ «ጠርተው አመጡት» ሲሉ እኔም ሰማሁ፣ እሱም ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፍኖ አያውቅም። ባንዳችን እዚያው አበቃ፤ ሰፈር ውስጥ የቀረልን ስም ሟርተኞቹ የሚል ነው።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሌላ ስም ወጥቶልናል። አንድ ያላወቅነው ሰው የድሮ ቅጂያችንን ለጠፈውና የዛሬ ልጆች አበዱለት። መቃብር ቤት ገብተን እንደቀዳነው ይጽፋሉ። የቀዳነው ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው ጀርባ በተከራየናት የቆርቆሮ ክፍል ነው። በሦስተኛው ዘፈን መሐል የሚሰማው ጩኸት የሲኦል በር መከፈቱ ነው ብሎ አንዱ ረጅም ትንታኔ አቅርቧል። በሬ ነው። ለማረም ጽፌ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» የሚል መልስ አግኝቻለሁ፤ ተናድጄ ስልኬን ዘጋሁት። ማታ ግን ተመልሼ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አሁን ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት መድኃኒት የምትገዛ መስላ መጣችና ባንድ እንዳላት፣ የእኛን ዘፈኖች የሚጫወቱበት ዝግጅት እንዳዘጋጁ ነገረችኝ። «ዘፋኛችሁ አንዷን ብቻ ቢዘፍንልን፣ በቃ ሌላ ምንም አንፈልግም» አለች።

ዘፋኙ ጓደኛዬ ዛሬ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ጥያቄውን ሳደርስለት እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ሞትን በአፌ ጠርቼ ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «አባባ አንድ ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ግን ያውቃሉ። በእሳቸው ፊት እንዴት ብዬ ነው የምዘፍነው?»

እንዲህ ያለ ሸክም ይዞ መኖሩን አላውቅም ነበር። ዘፈን ያስተወው ሐዘን እንጂ ጥፋተኝነት አይመስለኝም ነበር። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ይህን ያምናል ብዬ ልቆጣው አሰብኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት።

በሳምንቱ አባትየው ራሳቸው ደውለው ጠሩኝ። ሱቃቸው ስደርስ የተዘረጋው ድር ጥቁር ጥለት የጀመረ ነጠላ ነው።

«የዘፈን ዝግጅት አለን ያሉ ልጆች መጥተው አራት ነጠላ አዘዙኝ» አሉ። «እንዲህ ያድርጉልን ብለው በስልክ ፎቶ ሲያሳዩኝ የገዛ ልጄ ነው። የማን አባት እንደሆንኩ አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው። የደወልኩልሽ ለእሱ አምስተኛ ልጨምር ወይ ብዬ ነው። ይዘፍናል አይደል?»

«አይዘፍንም፣ አባባ።»

«ለምን?»

ልሸፋፍነው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። እናቴን የገደልኩ እኔ ነኝ ብሎ እንደሚያምን፣ እሳቸውም እንደዚያ የሚያስቡ እንደሚመስለው ነገርኳቸው። መወርወሪያውን ከእጃቸው አስቀመጡ።

«ባንዱን ሳትጀምሩ ነው የታመመችው» አሉ ቆይተው። «ሐኪሞቹ እንደማትድን ነግረውናል። ፈተና አለበት፣ አይረበሽ ተባባልን። ሆስፒታል ስትመላለስ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች እንለው ነበር። ፈተናውን ሲጨርስ እንነግረዋለን ስንል ቀደመችን። ከቀበርናት በኋላ ምኑ ይነገራል? ዝም ሲል እናቱ ትዝ እያለችው ነው እያልኩ ተውኩት።»

በእሳቸው ላይ ልቆጣ አልቻልኩም። እኔም በየቀኑ ባንኮኒ ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው። «ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ የጨጓራ ነው በያት» ይሉኛል የበሽተኛዋ ቤተሰቦች፤ የጨጓራ ነው እላታለሁ። ለደግነት ነው የምንደብቀው። ያ ልጅ ግን ከእሱ የተደበቀውን ነገር ባዶ ቦታ በራሱ ጥፋት ሞልቶት ይኸው ጸጉሩ ሸብቷል።

«ልደውልለት?» አልኳቸው።

«ይኼ መርዶ ነው» አሉ። «መርዶ በስልክ አይነገርም።»

ስለዚህ እንደ መርዶ ነጋሪ ወግ፣ ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ሄድን፦ እሳቸው፣ ድራመራችንና እኔ። አባትየው የሸመኑትን አምስተኛ ነጠላ አጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ጓደኛዬ በሩን ከፍቶ ሦስታችንን በዚያ ሰዓት ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ መቃኑን ያዘ።

«ማነው?» አለ።

«ማንም አልሞተም። ስለ እናትህ ነው፤ ተቀመጥ» አሉት አባቱ።

አልተቀመጠም። እሳቸውም በቆመበት ለእኔ የነገሩኝን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩት። ሲጨርሱም «እኔ አንተን የወቀስኩበት አንድ ቀን የለም። ዝም ያልኩት ክፉ ነገር እንዳላነሳብህ ነው» አሉት።

እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ የጠየቀው እኔ ያላሰብኩትን ነው።

«ነጠላውን ስታዘቀዝቅልኝ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር» አሉ አባትየው። «እናንተ ስትወጡ ተቆጣኋት። አንቺ እያለሽ እንዴት እንዲህ ታለብሺዋለሽ አልኳት። ተወኝ እባክህ፣ ለእኔ ሲያዘቀዝቀው አላየውም፤ አሁን ልየው አለችኝ።»

ያጠፉትን ነጠላ ዘርግተው ትከሻው ላይ ጣሉለት፤ ጥለቱንም ወደ አንገቱ አዞሩት። ጓደኛዬ ያን ጊዜ ጮኸ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያልሰማነው ድምፁ ነው፤ እኛም አብረን አለቀስን። ጎረቤቶቹ እንደነቁ ጋቢያቸውን ደራርበው ወጡ። ነጠላውን አዩና ሐዘን መሆኑን አወቁ።

«ማን አረፈ?» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«እናቱ» አሉ አባትየው።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉን።

ድራመራችን እንባውን እየጠረገ «አሜን» አለ።