ልጄን ማር ወዳቀመሰችው ሴት ቤት

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ደሴ

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የተነሣሁት ልጄን ታምራትን ከአንዲት ሴት ቤት ላወጣ ነው። የጸሎት ቡድናችን እህቶች፣ ለእናንተ «ለጥየቃ እሄዳለሁ» ነበር ያልኳችሁ። ዋሽቻለሁ። የሄድኩት ቅናት አላስተኛ ብሎኝ ነው። ተመልሼ ስመጣ ጻፊው ስላላችሁኝ ጻፍኩት። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ፊደሉን ሴቷ ልጄ ቤዛ አርማልኛለች።

ታምራት ወታደር እንደነበረ ታውቃላችሁ። በሰሜኑ ጦርነት ከቆቦ ወዲያ ጭኑን በፍንጣሪ ተመትቶ ወደቀ፤ ጓዶቹ አፈግፍገው እሱ ማሽላ ውስጥ ቀረ። ወይዘሮ ሐዳስ የምትባል ሴት ጎትታ ቤቷ አስገባችው። አገሩ በሌላው ወገን እጅ ሲሆን ከሁለት ወር በላይ አስታመመችው። በኋላ ሠራዊቱ ተመልሶ ሲገባ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ቦርድ ወጣና ወደ እኔ መጣ። ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን «አዝመራ ላግዛት» ብሎ ወደ እሷ ተመለሰ።

በስልክ ሳወራው ከጀርባው ድምጿን እሰማለሁ። «አደይ» ይላታል። ጎረቤቴን ብጠይቃት በትግርኛ እናቴ ማለት ነው አለችኝ። ከዚያ ደግሞ እሱ ራሱ የነገረኝ አለ፤ በዚያ አገር አንዲት ሴት ሽማግሌ ባለበት ጡቷ ላይ ማር ቀብታ ካቀመሰችው፣ ባዕድም ይሁን ጠላት ልጇ ይሆናል፤ የሚነካው የለም። የሌላው ወገን ታጣቂዎች ሊፈትሹ ሲመጡ ሽማግሌዎቹ «የጡት ልጇ ነው» ብለው መለሷቸው። እኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው ያጠባሁት፤ በኋላም ማዞሪያው ላይ ድንች ቅቅል ሸጬ ነው ያሳደግኩት። እሷ በአንድ ቀን ማር ወሰደችው። ማታ ማታ የማስበው ይህንን ነበር።

በሁለት ታክሲ ላምበረት መናኸሪያ ደረስኩ። ለታምራት ከመርካቶ አዲስ ጃኬት ገዝቻለሁ። ለእሷ ምንም አልያዝኩም፤ እያወቅኩ ነው ያልያዝኩት።

መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ ስለከረመ ፍርሃቴን ልነግራችሁ አልችልም። ኬላ በደረስን ቁጥር ሁላችንም ወርደን እንፈተሻለን። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁ፤ አጠገቤ ለተቀመጡት ሰውዬ ዘገንኩላቸው። የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ስንቅና ጥይት ሲያመላልሱ ነበር። ወደየት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ልጄ እዚያ መሆኑን ነገርኳቸው።

«በሕይወት?» አሉኝ።

«በሕይወት» አልኩ።

ቆሎውን መቆርጠም ትተው አዩኝ። «እድለኛ ነሽ» አሉኝ። እድለኛ መባሌ አናደደኝ።

ደሴ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ቤርጎ አራት መቶ ብር ከፍዬ አደርኩ፤ በሩን በወንበር ደግፌ ነው የተኛሁት።

ከደሴ እስከ ቆቦ

በማግስቱ ወደ ወልዲያ ስንወጣ አጠገቤ የተቀመጡት የትናንቱ ሰውዬ በመስኮት እያሳዩኝ ሄዱ። እዚህ ጋ ዐሥር መኪና ተቃጥሏል፤ እዚያ ጋ ድልድዩ ተሰብሮ ነበር። የግንቡ ሁሉ ፊት በጥይት የተነቀሰ ነው። አንድ ኩርባ ላይ የተቃጠለ ታንክ ቆሟል፤ ከሥሩ ሣር በቅሎበታል። አፈሙዙ ላይ አንዲት ሴት የሕፃን ልብስ አስጥታለች። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ እኔ ብቻ ነኝ ዞሬ ያየሁት።

ከወልዲያ ወዲያ አገሩ ለጥ ይላል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ግራና ቀኝ ማሽላ ነው፤ ግማሹ ታጭዷል። ቆቦ ስደርስ ወደ መንደሯ የሚሄድ ባጃጅ ፈለግኩ። ማታ አንሄድም፣ ንጋት ላይ ነይ አሉኝ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ባጃጁ ውስጥ ከእኔ ጋር የመኪና ግራሶ የያዘ ጄሪካን ተጭኖ ነበር። የነጠላዬ ጥለት ተነክሮበት ኖሯል። ስወርድ አየሁት። እንዲህ ሆኜ በእሷ ፊት አልቆምም ብዬ፣ እድፉን ወደ ውስጥ አጥፌ ጥለቱን ገልብጬ ወደ ትከሻዬ አወጣሁት። ሰፈሬ ብሆን አስብ ነበር፤ ነጠላ እንዲያ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። የዚያን ጊዜ ግን የማስበው ለእሷ የምናገረውን ብቻ ነበር። ከኮልፌ ጀምሮ አጥንቼዋለሁ። «ልጄን ስላቆየሽልኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ይበቃል» ነበር ቃሉ።

ግቢዋ በእሾህ የታጠረ ነው። ቀጭን፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ደጁን ትጠርጋለች። ገመዱ ላይ የታምራት ወታደራዊ ሸሚዝ ታጥቦ ተሰጥቷል። ያንን ሸሚዝ በሌላ ሴት ገመድ ላይ ሳየው ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ፤ እንባዬ መጣ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ነጠላዬን አየች፤ ፊቴን አየች። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት እስክሞት አልረሳውም።

ለካ የእሷም ልጅ ዘምቶ ነበር፤ በወዲያኛው ወገን። ከሞተ ወራት አልፎታል፤ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሽማግሌዎቹ አዝመራዋ ይግባላት፣ ከዚያ በማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን ብለው ነበር የቆዩት። ሐዘን ከተቀመጠች ማሽላዋን የሚሰበስብላት የለም። ታምራትንም መልሰው የጠሩት እነሱ ናቸው፤ መርዶው ሲነገር ቤቷ ውስጥ ልጅ ይኑር ብለው። ይሄንን በስልክ እንዳይነግረኝ እሷ ትሰማለች።

እኔ ግን በማለዳ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ እያለቀስኩ ደጇ ቆምኩ።

ታምራት እያነከሰ ከጓሮ ሮጦ ወጣ። ከስንት ወር በኋላ ሲያየኝ መጀመሪያ ያለኝ «እማ፣ ምን አደረግሽ?» ነው።

ሐዘን ቤት

ሁለት ቀን አገሩ ሁሉ መጣ። ታምራት ከሐዳስ ቀኝ ተቀምጧል። የሚመጣው ሰው መጀመሪያ እሷን ይስማል፣ ቀጥሎ እሱን፤ «የወንድምህን ነፍስ ይማር» ይሉታል። እኔ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የወለድኩትን ልጅ ከሩቅ አየው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በለቅሶዋም ቀናሁባት። እሱ በጠፋብኝ ጊዜ እኔ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት፤ አልሞተም እየተባለ ማን ይመጣልኛል? ለእሷ አገር መጣላት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ካሣ ቀረብ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን፣ «እኛ አፋችን እንዴት ይበለው ብለን ስንፈራ ነው የከረምነው፤ አንቺ ገላገልሽን» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ይሁን እውነታቸውን አላወቅኩም።

ቅዳሜ ታምራት ወደ ተዋጉበት ጉብታ ወሰደኝ። የረገጥኩበትን እርገጪ ብሎ ፊት ፊት ሄደ። ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ያለበትን ቦታ በእሾህ አጥረውታል፤ ከአጥሩ አጠገብ እንኳ ማሽላ ታጭዷል። ለካ እዚያ ነው ሲያጭድ የከረመው።

ምሽጉ ቁመት ያህል የተቆፈረ ነው፤ ጉብታውን ዙሪያውን ይዞራል። እንዴት እንደተዋጉ ነገረኝ። ማለዳ መድፍ ይጀምራል፤ መሬቱ ራሱ ይዘላል፣ ከጎን ያለውን ሰው ድምፅ አትሰሚም። ከላይ ድሮን አለ፤ ድምፁ ይሰማል እንጂ እሱ አይታይም። መድፉ ሲያቆም ሰው ይመጣል፤ አንዱ ረድፍ ሲወድቅ ከኋላው ሌላ ረድፍ። ጥይት ሲያልቅ በድንጋይ። ይህንን ጉብታ አንድ ጊዜ እኛ፣ አንድ ጊዜ እነሱ ይዘነዋል አለ። ታች ወርዶ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ የተቀበረበትን ቦታ አሳየኝ።

«ታዲያ ጦርነቱ እንዴት አለቀ?» አልኩት።

«እኔ አላየሁትም» አለ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ በሬዲዮ ነው የሰማው፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ ተፈራረሙ ተባለ። አጠገቡ የተኙት አንድም አላጨበጨቡም። አንዱ እግር የሌለው፣ «ትናንት ቢፈርሙትስ?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ልትወስጂው ነው?

በዚያን ዕለት ከሰዓት ሰው ቀለል ሲል ሐዳስ ጠራችኝ። ድምፅ አልቀራትም። ጦርነቱ አለቀ የተባለ ቀን ምን እንዳደረገች ነገረችኝ፤ የልጇን አልጋ አንጥፋ፣ ፍራሹን ፀሐይ አስጥታ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ታስጣው ነበር። ታምራትም በዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ አያውቅም፤ መሬት ነው የሚተኛው።

ከዚያ ዓይኔን አይታ፣ «ልትወስጂው ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም። «ቀንቼብሽ ነው የመጣሁት።»

«ውሰጂው። ለአንቺው ብዬ ነው ያቆየሁት።» ቀጥላም፣ «የእኔም ሲወድቅ አንዲት ሴት አግኝታው ቢሆን፣ ማር አቅምሳው እናቴ ብሏት ቢሆን፣ እኔም እንዳንቺ በቀናሁ። በእግሬ ሄጄ ደጇ ቆሜ በቀናሁባት» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጃኬቱን ለታምራት ሰጠሁትና እስከ አርባው እንዲቀመጥ፣ ማሽላዋንም እንዲያስገባላት ነገርኩት። ፊቱ ሲበራ አየሁ፤ ያ ደግሞ እንደገና አመመኝ።

መመለስ

እሑድ ተነሣሁ። ለእሱ ያሰብኩት ወንበር ላይ አንዲት ሌላ ሴት እስከ ኮምቦልቻ ተቀመጠችበት። በመንገድ ሳስበው፣ ጦርነቱ ያለቀው ለእኔ በስልክ ነው፤ «እማ፣ አለሁ» ሲለኝ አለቀልኝ። ለእሷ ያለቀው ሐሙስ ጠዋት፣ በእኔ ነጠላ ነው። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። አደይ ሲላት አሁንም እቀናለሁ። ግን የምቀናበት ልጅ አለኝ።

ነጠላዬን ግን አልገለበጥኩትም። እንደተዘቀዘቀ ነው የመጣሁት።

ሰኞ ከሰዓት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከታክሲ ስወርድ፣ በቆሎ የምትጠብሰው ጎረቤቴ ብቻዬን መሆኔን አየች፤ ነጠላዬንም አየች። እጇን ራሷ ላይ ጭና መጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። «ታምራት? ታምራት ነው?» አለችኝ፤ ልትጮህ አፏን ከፍታለች።

እጇን ያዝኩት። «ታምራት ደህና ነው» አልኳት። «የሞተው ወንድሙ ነው።»

«ወንድም ነበረው እንዴ?»

«ነበረው» አልኩ።