የአያ ፈንቴ ሳቅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ማይክራፎኑን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ጎንደር አራዳ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የሕንድ ፊልሞችን ወደ አማርኛ እንመልሳለን። ግድግዳው በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቄ የተቀጠርኩት ከፊልሙ ግርጌ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያየሁ ንግግሩን በአማርኛ እንድጽፍ ነበር። የስቱዲዮው ባለቤት አለልኝ ግን በሴቶቹም ድምፅ ልሞክርሽ ብሎ ማይክራፎን ፊት አቆመኝ። መቅረጫው ሲበራ ደንግጬ ማይክራፎኑን በክርኔ መታሁትና «ውይ፣ ይቅርታ» አልኩት።

የወንዶቹን ሁሉ ድምፅ ብቻቸውን የሚሠሩት አያ ፈንቴ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ሸጋ ነው፤ ለብረት ይቅርታ የምትል ልጅ መጣችልን» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማይክራፎን ፊት አልቆምኩም። ጽሑፉ ላይ ቀረሁ።

ፊልም ሲተረጎም የመጀመሪያው ድምፅ ዝቅ ይልና አማርኛው ከላይ ይሰማል። ሳቅ ሲመጣ ብዙዎች የሕንዱን ሳቅ መልሰው ይለቁታል። አያ ፈንቴ እንቢ አሉ። አማርኛ ሲናገር የቆየ ሰው በሌላ ሰው ጉሮሮ ሲስቅ ያስጠላቸው ነበር። ለወፍራሙ፣ ለሌባው፣ ለፈሪው የየራሱ ሳቅ ነበራቸው። የገጠር ቪዲዮ ቤቶች ፊልም ሲያዙ «የአያ ፈንቴ ሳቅ ያለበትን» ይላሉ።

ጉሮሯቸው መሻከር ሲጀምር ጉንፋን ነው እያሉ ቆዩ። በኋላ ሐኪም ማንቁርታቸው ላይ እጢ እንዳለ፣ ቀዶ ጥገናውም ድምፃቸውን እንደሚወስደው ነገራቸው። አለልኝ ሥራውን ትተው እንዲያርፉ ለመናቸው። እርሳቸው ቀጠሮው እስኪደርስ አንድ ፊልም ልጨርስ አሉ። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ትክል ድንጋይ ከተማ ያሉት የልጅ ልጆቻቸው በኋላ የሚሰሙት እንዲኖራቸው ፈልገው ነው።

ፊልሙ የተቀበረ ሀብት ስለሚያሳድዱ አራት ጓደኛሞች ነበር። ከጣሪያ ይወድቃሉ፣ ግመል ይጥላቸዋል፣ የሰው ሠርግ ያፈርሳሉ። አያ ፈንቴ የከተማውን ስም ለውጠው ሀብቱን ከትክል ድንጋይ የከብት ገበያ ጀርባ ቀበሩት።

«ምነው አያ፣ ሰው ዶማ ይዞ ይወጣል እኮ» አለ አለልኝ።

«ይውጣ። የወንድሜ ማሳ እዚያ ነው። በሬ የለውም፤ ይቆፍሩለት።»

ውሃ እየተጎነጩ፣ እያረፉ ንግግሩን ጨረሱ። መጨረሻው ላይ ጓደኛሞቹ ሣጥኑን ከፍተው ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ይተያዩና ሳቅ ይይዛቸዋል። አያ ፈንቴ አፋቸውን ከፈቱ። ሳል ብቻ ወጣ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ሳቄ አለቀ» አሉኝ።

«የድሮዎቹ አሉ፣ አያ። እኔ እፈልጋለሁ።»

እርሳቸው ሆስፒታል ገቡ። እኔ የቆዩ ፊልሞቻችንን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሳቃቸው ሁሉ ከሙዚቃ ወይም ከሚሰበር ዕቃ ድምፅ ጋር ተዋህዷል። ጥሬ ቅጂውን ደግሞ ኮምፒውተሩ እየሞላብን፣ ፊልሙ ባለቀ ቁጥር እንሰርዘው ነበር። ተነጥሎ የሚወጣ ሳቅ አጣሁ።

ለየትኛውም ፊልም ስላልዋለ ማንም ያልሰረዘው የእኔ የመጀመሪያ ቀን ሙከራ ብቻ ነበር። «ውይ፣ ይቅርታ» የሚለውን ቆርጬ ጣልኩት። ከኋላው ያለው ሳቅ ንጹሕ ነው። አራት ቦታ ገልብጬ አንዱን አቀጠንኩት፣ አንዱን አወፈርኩት፣ አንዱን አዘገየሁት፣ አንዱን እንዳለ ተውኩት። ለአራቱም ደረሰ።

አያ ፈንቴ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው መጡና አጠገቤ ተቀምጠው ፊልሙን አዩ። አራቱ ጓደኛሞች ሲስቁ እርሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። ማይክራፎኑን በጣታቸው አሳዩኝ፤ ቀጥለው እኔን። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቃቸው ምንም ድምፅ አልነበረውም። አለልኝ አላስችለው ብሎ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አደረገ። አያ ፈንቴ እጁን ይዘው መልሰው ከፍ አስደረጉት።

አሁን የሚኖሩት ትክል ድንጋይ፣ ልጃቸው ዘንድ ነው።

እኛ ጋ ድምፅ የሚሠራ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምቀርጸው ሳቁን ነው። ያለ ሙዚቃ፣ ለብቻው። ጥሬውን አንሰርዝም።