ቫይታሚን የተባለው ኪኒን

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ የካ አባዶ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ነው። እናቴ የካንሰር መድኃኒቷን ለታችኛዋ ጎረቤታችን ስታድል ደረስኩ።

«ውሰጂ እንጂ፣ ቫይታሚን እኮ ነው!»

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከአምስት ወር በፊት ከጡቷ እጢ ሲወጣላት፣ አጎቶቼ ሳሎን ተሰብስበው ካንሰር መሆኑ እንዳይነገራት ወሰኑ። ባዮሎጂ ስላጠናሁ ለእኔ የክብር ሥራ ተሰጠኝ፤ መዋሸት። «የተማርሽ ነሽ፣ ታምንሻለች» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ሳይንሱማ ተራቅቋል። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ፣ የእጢው ሴሎች ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን እንዳላቸው ታወቀ። ሆርሞኑ እዚያ ሲያርፍ ሴሉ ይባዛል፤ ኪኒኑ ደግሞ ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል። የሚፈልገው በየቀኑ፣ ለዓመታት መዋጥ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ሞለኪውል ድረስ ወርደው የደረሱበትን ነገር፣ የእኛ ቤት ሽማግሌዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ቫይታሚን አደረጉት።

የጎረቤታችንን ዓይን ሳላይ «ይቅርታ እትዬ፣ ለእሷ ብቻ የታዘዘ ነው» ብዬ ኪኒኑን ተቀበልኳት። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ስከፍት የተረፈው ብዙ ነው።

«እማዬ፣ ለምን ይሄን ያህል ተረፈ?»

«ረቡዕና ዓርብ መች እውጣለሁ! በጾም ቀን ቫይታሚን ምን ይሠራልኛል? ልወፍር ነው?»

«መድኃኒት ቢሆንስ?»

«መድኃኒትማ ለታመመ ሰው ነው። እኔ ምን ሆንኩና?»

ለትልቁ አጎቴ ደወልኩላቸው። ጥቂት አሰቡና «የጾም ቫይታሚን ነው በያት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ላቦራቶሪ አለመግባቱ ያሳዝናል።

እሑድ ጠዋት ከእናቴ ጋር እንጦጦ ራጉኤል አስቀደስን። ቅዳሴው ሲያልቅ ከግቢው ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና የላቦራቶሪውን ወረቀት አወጣሁ።

«እማዬ፣ ካንሰር ነው» አልኳት። ድምፄ አልወጣ ብሎ ሁለቴ መናገር ነበረብኝ፤ ዓይናፋርነት እንዲህ ላለ ወሬ አይመችም። ኪኒኑ ምን እንደሚሠራም አስረዳኋት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

«የዘለልኩት ስንት ይሆናል?»

«አርባ ይጠጋል። ነገ ለሐኪሙ አብረን እንነግረዋለን።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ውሃ ይዘሻል?»

ከቦርሳዬ የውሃ ጠርሙሱን አውጥቼ ከፈትኩላትና የዕለቱን ኪኒን መዳፏ ላይ አኖርኩላት።