ወደ ግራ የዞረው መሪ

ስደርስ ጋሽ ሽብሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ፣ መሪውን ነቅሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። ዓርብ ጠዋት ነው። የጭነት መኪናዋ ባልባላ ሰፈር፣ ከቤቱ ደጅ ካለው ሜዳ ላይ ቆማለች። በስልክ የነገረኝ «መሪዬ ወደ ግራ ዞሮብኛል፣ ና እየው» ብሎ ብቻ ነው። መካኒክ ጠርቶ ሥራውን ግን ራሱ ጀምሮታል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ማን ንቀለው አለህ?»

«አንተ እስክትመጣ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? አንድ ጥርስ ወደ ቀኝ ባዛውረው ያልቃል።»

«ባለፈውም አንድ ጥርስ ብለኸኝ ነበር።»

«ያኔ አልበቃማ! ጌቾ፣ አንተ ምክርህ ከመፍቻህ ይበዛል።»

ይህ በዚህ መስመር ሾፌሮች ዘንድ የተለመደ ስህተት ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ጠመም ካለባቸው መሃሉ ላይ ያለውን ዳዶ ይፈታሉ፣ መሪውን ከዘንጉ ጥርስ ላይ ያወጣሉ፣ ትንሽ አዙረው መልሰው ይሰኩታል። ለዓይን ይቃናል። ከሥር ያለው ግን እንደነበረ ነው። ከዚያ መኪናው በአንድ ወገን ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ይታጠፋል፤ ጉዱም ጠባብ ቦታ ላይ ይወጣል። ጋሽ ሽብሩ ይህን ያውቃል። ለስንት ወጣት ሾፌር ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ።

በልጅነቱ በድሮው ባቡር ከድሬዳዋ ወደዚህ ወደብ ከተማ ነው የመጣው። ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሟል፣ የሰው መኪና አጥቧል፣ የሰው መኪና ነድቷል። ይቺን የገዛት ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ከወደቡ በር እስከ ድንበሩ የጋላፊ ኬላ በሶማልኛ እየቀለደ፣ በአፋርኛ ሰላምታ እየሰጠ፣ በፈረንሳይኛ ቁጥር እየጠራ ያልፋል። ሚስቱ እትዬ ደብሪቱ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ለሾፌሮች ምሳ ትሸጣለች። ልጅ የላቸውም። እሑድ ጠዋት ወደ ሞጆ የሚሄድ ጭነት ነበረው። ብዙ ወረፋ ጠብቆ ያገኘው ነው፤ ከዚያ በፊት መሪው መስተካከል አለበት።

«በል ውረድ፤ እኔ ልየው» አልኩት።

የፊቱን በክሪክ አነሳሁና መሪውን ለጊዜው ሰክቼ ከዳር እስከ ዳር አዞርኩት። ዙሩን ቆጥሬ ለሁለት ከፈልኩና መሃሉ ላይ አቆምኩት። ከዚያ መኪናዋን አውርጄ በግራም በቀኝም ከኋላ ጎማ ወደ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጠርኩ። ከሲባጎው እስከ ፊት ጎማው ያለውን ክፍተት ለካሁ። እኩል ነው። ከመሪው ሳጥን ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ በእጄ ዳሰስኩት፤ አልተጣመመም፣ ማሰሪያውም አልላላም። መሬት ላይ ተንጋልዬ ሁለቴ አየሁት። ምንም የለውም።

ቀና ስል የመኪናዋን ግራ ጎን አየሁ። ከጋቢናው በር ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ተፍቋል። የግራው መስታወት በፕላስተር ተጠቅልሏል። ዞሬ ቀኙን አየሁ፤ ጭረት የለበትም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፒኬ 12 መንገድ ዳር አቁሜያት የሆነ ሰው ፍቆብኝ ነው።»

«ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን?»

«እኔ እንጃ። ዘበኛዋ እኔ ነኝ?»

የዘንጉ ጫፍ ላይ ከፋብሪካ የተቀረጸ ምልክት አለ፤ መሪው ላይም እንዲሁ። ሁለቱ መገጣጠም አለባቸው። አገጣጥሜ ሰካሁት፣ ዳዶውን አጠበቅሁ፣ መሪው አናት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሥራው አለቀ። ከመነሻው ብልሽት አልነበረም፤ የተበላሸው እሱ ሲነካው ነው። ታዲያ መጀመሪያ ለምን ነካው?

«ግባና እየው።»

ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ሞተር አስነሳ፣ መሪውን ትኩር ብሎ አየው።

«አሁንም ወደ ግራ ነው።»

«ነጩ ፕላስተር የት ነው ያለው?»

«ወደ ግራ ነው አልኩህ እኮ!»

ፕላስተሩ ልክ መሃል፣ አናቱ ላይ ነበር። በቀኙ በር ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እጅህን አንሳና ቀስ ብለህ ልቀቃት» አልኩት። ለቀቃት። መኪናዋ ሜዳውን እንደ ሲባጎው ቀጥ ብላ ተሻገረች። ደስ አለኝ። እሱ ግን ተበሳጭቶ መሪውን ያዘ፤ «ይኸውልህ፣ እንዲህ ነው ቀጥ ማለት» ብሎ ወደ ቀኝ አዞረው። የጎረቤቱ የቆርቆሮ አጥር ወደ እኛ ይመጣ ጀመር።

«ፍሬን! ጋሼ ፍሬን!»

ቆመ። አጥሩ አንድ ክንድ አይቀረውም።

«ምን ያስጮህሃል? ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት» አለ። የምሩን ነበር።

እትዬ ደብሪቱ ጩኸቴን ሰምታ ከቤት ወጣች። ወደ ሾፌሩ በር፣ ወደ ግራው መስኮት ሄዳ ቆመች። እጇን ብትዘረጋ ክርኑን ትነካዋለች።

«ሽብሩ፣ ምሳ ቀርቧል። ውረዱ በቃ።»

ጋሽ ሽብሩ ዞረ። ወደ እሷ አልነበረም የዞረው። በእኔ ፊት አሻግሮ በቀኙ መስኮት ወደ ውጭ አየ።

«የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ።»

«የት? ምን ትደበቂኛለሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ ድብብቆሽ አማረሽ?»

አልሳቀችም። እጇን በመስኮቱ አስገብታ የግራ እጁ ላይ አሳረፈችው። ያኔ ነው ደንግጦ አንገቱን ወደ እሷ ያዞረው። ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ መሪው ደህና ነው» አልኩት።

«ታዲያ የጠመምኩት እኔ ነኝ?»

እትዬ ደብሪቱ በሩን ከፈተችለት።

ቤት ገብተን ስንበላ ነገሩ ገባኝ። ለብቻው ከቀረበለት ትሪ የቀኙን ግማሽ ጠርጎ በላና እጁን ሰበሰበ። የግራው ወጥ እንዳለ ነው። እትዬ ደብሪቱ ትሪውን አዞረችለት፤ እንደ አዲስ መብላት ጀመረ። እጇ ሥራውን ለምዶታል። ኋላ እጅ ስታስታጥበኝ በሹክሹክታ «ምግቤን የጠላው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ተቀየምኩት እኮ፣ ጌቾ። ሌላ ቦታ በልቶ የሚመጣ መስሎኝ ተቀየምኩት። አንድ ቀን ትሪው በድንገት ሲዞር ነው የበላው። ከዚያ ወዲህ አዞርለታለሁ።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? ሾፌር ነው። ይህን ከተናገርኩ ምን እንደሚከተል ጠፍቶኝ ነው?»

ሾፌሮችን አውቃለሁ። ወገባቸው ሲያማቸው የመኪናው ባሌስትራ ነው ይላሉ፤ ጆሯቸው ሲደክም ሞተሩ ድምፁ ተለወጠ ይላሉ። መካኒክ ጠርተው ያስፈትሹታል፣ ያስፈቱታል፣ ሐኪም ቤት ግን አይሄዱም። ጋሽ ሽብሩም ራሱን ለማዳን የሚያውቀው መንገድ መሪ መንቀል ብቻ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩት፤ «አሞኛል ሳልላችሁ ነው የምታሳክሙኝ» እያለ ሄደ። ሐኪሙ በወረቀት ላይ ረጅም መስመር አሰመረና መሃሉን ምልክት አድርግ አለው። ጋሽ ሽብሩ እስክሪብቶውን ይዞ በጥንቃቄ፣ በእርግጠኝነት፣ ወደ ቀኙ ጫፍ ተጠግቶ ሰረዘ። ሐኪሙ ደግሞ አሰመረ። ደግሞም እዚያው።

ዓይኑ አልታመመም አለን። በጭንቅላቱ አንድ ወገን ደም ሳይደርስ ቀርቷል፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባት እንቅልፍ ላይ። ዓይኑ ያያል፣ ጭንቅላቱ ግን ግራውን እንደሌለ ይተወዋል። መድኃኒት ይወስዳል። መኪና መንዳት ግን ከእንግዲህ አይቻልም።

ይህን በፈረንሳይኛ የሰማሁት እኔ ነኝ። ነርሷ ለእትዬ ደብሪቱ በሶማልኛ ነገረቻት። እሷ ደግሞ ለባሏ በአማርኛ «ለጊዜው ይረፍ ነው ያለው» አለችው።

ጋሽ ሽብሩ ወደ እኔ ዞረ። በቀኙ ነበርኩ።

«ጌቾ፣ አንተ ፈረንሳይኛ ትሰማለህ። ለጊዜው ነው ያለው?»

እትዬ ደብሪቱ አየችኝ። በዓይኗ እንድዋሽ ለመነችኝ። እሑድ መኪና ላይ ቢወጣ ግን በግራው የሚመጣው ሚኒባስ ሙሉ ሰው ነው።

«አይደለም ጋሼ። ለሁልጊዜ ነው ያለው።»

ኪሱ ውስጥ እጁን አስገብቶ ቁልፉን ያዘው። አላወጣውም፤ ይዞት ብቻ ተቀመጠ። ቤት ስንደርስ ቁልፉን አውጥቶ ለእትዬ ደብሪቱ ዘረጋላት፤ «የወንድምሽን ልጅ ጥሪው። ጭነቱ መቅረት የለበትም» አላት። ከዚያ ጋደም አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የወንድሟ ልጅ አለምሰገድ ቅዳሜ መጣ፤ ጥሩ ሾፌር ነው፣ የራሱ መኪና የለውም። እኔም የግራውን መስታወት ቀየርኩ።

እሑድ ማለዳ መኪናዋን ከሜዳው ወደ ኋላ ማውጣት ነበረበት። መውጫው በቆርቆሮው አጥርና በግንብ መሃል ነው፤ ሾፌር ብቻውን አያወጣውም፣ ከኋላ ቆሞ የሚጠራለት ሰው ያስፈልጋል። ጋሽ ሽብሩ ማንም ሳይጠይቀው ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ወጣና ከኋላ ቆመ።

«ና! ና! ና! ስበር፣ ወደዚህ ስበር! ባዶ ነው፣ ና!»

ባዶ ያለው ወገን ግንብ ነበር። አለምሰገድ ፍሬን ያዘ። እኔ ከጋሽ ሽብሩ በስተግራ፣ በግራው መስታወት ከምታይበት ቦታ ቆሜ እጄን ዝቅ አድርጌ ምልክት ሰጠሁት። ገባው።

«ና ስበር!» ይላል ጋሽ ሽብሩ።

«እሺ ጋሼ!» ይላል አለምሰገድ፣ ጮክ ብሎ፤ እጄን ተከትሎ መሪውን ወደ ሌላው ይሰብራል።

«በቃ! አቅና!»

«እሺ ጋሼ!»

እንዲህ እየተባባሉ መኪናዋ ግንቡን ሳትነካ ወጣች። አለምሰገድ ክላክስ አሰምቶ ቁልቁለቱን ተያያዘው። እትዬ ደብሪቱ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ጋሽ ሽብሩ ላቡን በእጁ ጠረገ፤ ከዓርብ ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው።

«አየህ ጌቾ? ልጁ ገና ነው፣ ካልጠሩለት ይፍቃት ነበር። ሲመለስም እኔው ነኝ የማስገባለት።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት።