«ጾመው ይምጡ» የተባልኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ አምና ነው፤ ጥምቀት አልፎ ሑዳዴ ሳይገባ፣ ሰው ሁሉ ሥጋና ቅቤውን በሚያሳድድበት ሰሞን። በአንዲት ተራ ቃል የተነሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ሞቴን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ዛሬ ሳወራው የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያንን ሳምንት ግን ለጠላቴም አይስጠው።

የምኖረው ዲላ ነው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ መናኸሪያው አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ እየሸጥኩ እኖራለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ወጣቶች ቤት ለቤት ሲዞሩ እኛም ጋ ደረሱ። መሪያቸው ሙባረክ የሚባል፣ ከጅማ የመጣ መምህር ነው። ረጋ ያለ፣ ሲናገር ዓይኑን ወደ መሬት የሚያደርግ ጨዋ ልጅ ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱ «ኧረ ገና ነኝ» እያለ ያፍራል።

ስኳርና ደም ግፊት እንደሚያጠኑ ነገረኝ። እነዚህ በሽታዎች ቀስ ብለው ስለሚገቡ አንድ ጊዜ ለክቶ መሄድ አይበቃም፤ ያንኑ ሰው በየዓመቱ እየተመለሱ ማየት ያስፈልጋል አለኝ። «መሣሪያውስ ለምነንም እናመጣለን» አለ፤ «የቸገረን ደጋግመን ስንመጣ የማይሰለቸው ሰው ነው።»

እኔ ደግሞ ስኳር ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። እናቴን የወሰደብኝ እሱ ነው። እግሯ ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ስትል ቅባት ስንቀባባ፣ ቅጠል ስናስር ከረምን። ስኳር መሆኑን ያወቅነው እግሯ ሊቆረጥ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ስለዚህ ሙባረክን ሁለቴ አላስለመንኩትም፤ ወዲያው እሺ አልኩት።

«እንግዲያው ማክሰኞ ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ ጾመው ይምጡ፣ እትዬ ጥሩወርቅ» አለኝ።

«ቅቤም አይቻልም?»

«ኧረ በፍጹም! ቅቤም አይቻልም።»

«እንቁላልስ?»

«እንቁላልም አይቻልም፣ እትዬ» አለ፤ በልቡ ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ሳይል አልቀረም።

እኔ ግን ገባኝ። በፍስክ ጹሙ ያሉን የሥጋና የቅቤው ቅባት ደሙን ስለሚያበላሽባቸው ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ እንቁላሉን በቅቤ አስጠብሶ ሲበላ፣ እኔ ምራቄን እየዋጥኩ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ኧረ ቅመሺ!» ቢለኝም «የሐኪም ትእዛዝ ነው» ብዬ ተግደረደርኩ። ከዚያ የጾሙን ቁርስ አቀረብኩ። ዳቦ በማርማላታ፣ ስኳሩ ጠበቅ ያለ ሻይ፣ በላዩ ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ። ጠግቤ፣ በጨዋነቴ ኮርቼ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

ነርሷ ጣቴን ወጋ አድርጋ ደሜን መለኪያው ላይ አደረገች። ቁጥሩን ስታይ ሙባረክን ጠራችው። ተያዩ። በሽተኛ ያስታመመ ሰው ያችን መተያየት ያውቃታል።

«ጾመው ነው የመጡት አይደል?» አለኝ።

«እንዴታ! ምንም አልነካሁም» አልኩት።

«ስኳርዎ ከሚገባው ከፍ ብሏል። በአንድ ልኬት ግን አይወሰንም። የዛሬ ሳምንት እንደዚሁ ጾመው ይምጡና ደግመን እናየዋለን። እስከዚያ አይጨነቁ።»

አይጨነቁ! ከዚያ ወዲያ ጭንቀት እንጂ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ለማንም አልተናገርኩም። ቤት ያለውን ስኳር በሙሉ ለጎረቤት ሰጠሁ። ሱቅ ተቀምጬ ሰማያዊ ያለችኝን ደንበኛ አረንጓዴ ቆርጬ ሰጠኋትና ተጨቃጨቅን። ሰው ሲጠፋ ጫማዬን አውልቄ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ አገላብጣለሁ። ሐዋሳ የምትሠራው ልጄ ለፋሲካ ማግስት ሰርጓን ቆርጣ ነበር፤ ስትደውልልኝ ስለ ቬሎዋ ታወራኛለች፣ እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ ስድራት ይታየኛል። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ራሴን ነው» እለዋለሁ። የእናቴ ነገር ተራው እኔ ጋ ደረሰ ብዬ ቆርጫለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይሰማም ብዬ፣ ጠዋት ሽሮዬን በእንጀራ ጥግብ እስክል በላሁ። ቅቤ የሚባል ነገር ግን አጠገቡ አልደረሰም።

አዳራሹ ውስጥ ሰው በሰልፍ ተቀምጧል። አጠገቤ የተቀመጠችው አስቴር ናት፤ በሩ ላይ ሙዝና አቮካዶ የምትሸጥ፣ ጨዋታ የምትወድ የጌዴኦ ሴት። ሆዷን በእጇ ይዛ ታጉረመርማለች።

«ኧረ ቶሎ በሉ! ረሃብ ሊገድለኝ ነው» ትላለች።

«ምነው፣ ቁርስ ሳትበዪ መጣሽ?» አልኳት።

«ጹሙ አይደለም እንዴ ያለን? ከማታ ጀምሮ አፌ ምንም አልገባም። ሆዴ እየጮኸች ነው።»

«ሽሮ እንኳን አልቀመስሽም?»

ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ሽሮ ምግብ አይደለም እንዴ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«አንተ በላህ እንዴ?» አለችኝ። አስቴር አማርኛ ስትናገር አንተና አንቺ ብዙም አይገዳትም። «እኛ ቸርች ጾም ከተባለ ጾም ነው። ሽሮ የምን ጾም ናት?»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። እኛ ጾም ስንል ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን መተው ነው። አስቴር ጾም ስትል ምንም አትቀምስም። ሙባረክ ደግሞ ሙስሊም ነው፤ እሱ ሲጾም ምራቁን ለመዋጥም ያስባል። ለካ በአንድ ቃል ስናወራ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ነበር የምንሰማው።

ሰልፉን ትቼ ቀጥ ብዬ ወደ ሙባረክ ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ጾም ማለት ምን ማለት ነው?»

ግራ ገባው። «ምንም አለመብላት ነዋ፣ እትዬ።»

«ሽሮም?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ባለፈው ማክሰኞ ምን በልተው ነበር የመጡት?»

ዳቦውን፣ ማርማላታውን፣ ሻዩን፣ የማንጎውን ጭማቂ ነገርኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነው። ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ቀና ብሎ ሰልፉን አየና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይቅርታ፣ ዛሬ ጠዋት ምግብ የቀመሰ ሰው አለ?» አለ።

እጅ በየአቅጣጫው ተነሳ። ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ልጄ፣ እኔ ክክ ብቻ ነው የበላሁት። ሥጋ አልነካሁም!» አሉ በቅሬታ።

ሙባረክ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ነገ ወደ ፍስሐ ገነት ከተማ ልንወጣ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ይህንኑ ቃል ይዘን።» ለነርሷ ጉዞው እንዲቆይ፣ ስኳራቸው ከፍ ያለ ሰዎች ሁሉ እንደገና እንዲጠሩ ነገራት።

«ታዲያ እኔ ስኳር የለብኝም ማለት ነው?» አልኩት።

ሊዋሸኝ ይችል ነበር። «አላውቅም፣ እትዬ» አለኝ። «ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ከማታ ጀምረው ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ነገ ይምጡ።»

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴን እንኳ ደህና አደርክ ሳልለው ወጣሁ። ሆዴ ባዶ ነው። ነርሷ ጣቴን ስትወጋ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ስገልጠው ሙባረክ ቁጥሩን እያየ ነበር። ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ደህና ነዎት። ምንም የለብዎትም።»

«ደግመህ እየው» አልኩት። ደግሞ አየው። «ደህና ነዎት» አለኝ።

ያን ጊዜ ሳምንት ሙሉ የያዝኩት እንባ ገንፍሎ ወጣ። እሪ ብዬ አለቀስኩ። ሰልፈኛው ክፉ የተነገረኝ መስሎት ግር ብሎ ተነሳ። «አይዞሽ፣ መድኃኒት አለው!» ይላል አንዱ። «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ እኚያው የክኩ ሽማግሌ፤ ራሴን ይዳብሱኛል። ደህና ነኝ ልል አፌን ስከፍት ለቅሶው ይቀድመኛል። ድምፄን ሰምታ አስቴር ሙዟን በር ላይ ጥላ ገባች። ምንም ሳትጠይቅ አንገቴን አቅፋ አብራኝ ማልቀስ ጀመረች፤ በመሃል በጌዴኦ ቋንቋ ትጸልይልኛለች።

በመጨረሻ «ደህና ነኝ! የለብኝም ተባልኩ!» የሚለው ወጣልኝ።

አስቴር አንገቴን ለቀቀችና ትከሻዬን ጥፊ በሚመስል ምት መታችኝ። «ታዲያ ምን ያስለቅስሃል!» አለች እንባዋን እየጠረገች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙባረክም ጀርባውን ሰጥቶን መነጽሩን ይወለውላል። አስቴር እጄን ጎትታ ወጣችና ከቅርጫቷ የበሰለውን ሙዝ መርጣ «ብላ፤ ጾም አለቀ» አለችኝ። መንገድ ዳር ቆሜ፣ ደንበኞቼ እያዩኝ፣ አፌን ሞልቼ በላሁ።

በኋላ እንደሰማሁት እንደ እኔ በልተው ከተለኩት ብዙዎቹ ደህና ሆነው ተገኙ። በእውነትም ያለባቸው ደግሞ ታውቆላቸው መድኃኒት ጀምረዋል። አሁን እነ ሙባረክ ሲዞሩ ጾመው ይምጡ አይሉም፤ «ከማታ ጀምረው ከውሃ በቀር ምንም አይቅመሱ፤ ሽሮም፣ ሻይም፣ ፍራፍሬም» ነው የሚሉት።

ዘንድሮ የልኬታችን ተራ ደርሷል። ባለቤቴ ፈርቶ ዛሬ ነገ ሲል ነበር፤ እጁን ይዤ እወስደዋለሁ። እኔም እለካለሁ። አምና የለብሽም መባሌ ለዘንድሮ ዋስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከተገኘብኝም ጊዜው ሳያልፍ አውቄው፣ ተጠንቅቄ እኖራለሁ። ፍርሃቱን እንደሆነ በዚያች ሳምንት ውስጥ ፈርቼ ጨርሼዋለሁ።